ቤተሰብ ይዞ ከተማ መቀየር፦ ነብዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ምን አስቀደሙ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

 

የዛሬው ጽሑፌ ከሰሞኑ የቤቴ ጉዳይ የወጣ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዝ ማዶ ነው። የኪራይ ውላችን በጁን ያልቃል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው ያለው። በደወለ ቁጥር አንድ ነገር ይላል፦ «ለዚያች ሁለት ክፍል የምትከፍሉት ገንዘብ እዚህ ግቢ ያለው ቤት ያከራያችኋል። ምን ትጠብቃላችሁ?»

እኔም አንድ ማታ ወረቀት አወጣሁና ስሌት ጀመርኩ። ኪራይ፣ ደሞዝ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ቤንዚን፣ አስቤዛ። ኮሎምበስ በሰፊው በለጠች። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ለባለቤቴ ሰጠኋት። እስከ ታች አነበበችው፣ መለሰችልኝና «ጥሩ ነው። እኔ ግን ቀን ቀን ከማን ጋር ነው የማወራው?» አለችኝ።

ወላሂ መልስ አልነበረኝም። በወረቀቱ ላይ እንደዚያ የሚል መስመር የለም።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ሱብሒ ሱረቱ ኢብራሂምን ስቀራ 37ኛው አንቀጽ ላይ ደረስኩ። ብዙ ጊዜ ቀርቼዋለሁ። ቤተሰብ ይዤ ለመሰደድ እያሰብኩ ግን ቀርቼው አላውቅም ነበር። ነብዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ባለቤታቸውን ሐጀርንና ጡት የሚጠባውን ኢስማዒልን እህል በማይበቅልበት ሸለቆ አስቀምጠው ሲመለሱ ያደረጉት ዱዓ ነው። መጀመሪያ ቤተሰባቸውን በተከበረው ቤት አጠገብ ያሰፈሩት ሶላትን እንዲያቋቁሙ መሆኑን ለጌታቸው ተናገሩ። ቀጥለው የሰዎች ልብ ወደነሱ እንዲያዘነብል ለመኑ። ፍራፍሬውን የጠየቁት ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሶላት፣ ሰው፣ ፍሬ። እኔ የተፍሲር ዓሊም አይደለሁም፣ ከቅደም ተከተሉ ሑክም አላወጣም። ግን የኔን ወረቀት ሳየው ከላይ እስከ ታች ፍሬ ብቻ ነበር። ሶላት አልተጻፈም፣ ሰውም አልተጻፈም።

ስለዚህ በጃንዋሪ ብቻዬን ሄጄ ለማየት ወሰንኩ። ሜሪላንድንና ፔንሲልቬኒያን አቋርጦ በመኪና ወደ ሰባት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነው። ኮሎምበስ የኦሃዮ ዋና ከተማ ናት፣ ከ900 ሺህ በላይ ሕዝብ አላት። ሶማሌ ወንድሞቻችን ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ በብዛት የሰፈሩባት የአሜሪካ ከተማ በመሆኗም ትታወቃለች። በሰሜን በኩል ክሊቭላንድ አቬኑና ሞርስ ሮድ አካባቢ ብትዞሩ የሐላል ሥጋ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ የአባያ ሱቁ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ሰው መንገድ ላይ በሰላምታ ያስቆማችኋል። ማሻአላህ ነው።

የባለቤቴ ወንድም ቤት ከመስጂድ በመኪና ስድስት ደቂቃ ነው። በረዶው ጫማ እስኪውጥ ድረስ ወርዶ ነበር፣ ሱብሒ ላይ ሁለት ሶፍ ሞልቶ ሦስተኛው ተጀምሯል። ከሶላት በኋላ አንድ ሶማሌ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። እሳቸውም አሜሪካ ሲገቡ የወረዱት ሌላ ስቴት ነበር፣ ዘመድ ጠርቷቸው ነው የመጡት። ቤት ልከራይ እንደማስብ ስነግራቸው የትኛው ሰፈር እንደሆነ ጠየቁ። የባለቤቴ ወንድም ያሳየኝን ያንን ግቢ ያለው ሰፊ ቤት ስጠራላቸው ሳቁ። «ልጅህ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ማን ነው መስጂድ የሚያመጣው?» አሉኝ።

ቤቱ ከመስጂድ 25 ደቂቃ ነው። ከተማዋ የሰው ማመላለሻ ባቡር የላትም፣ አውቶቡሱ ወደ ዳር ሰፈሮች አይደርስም ወይም እየዘገየ ነው የሚመጣው። ያ ማለት ልጄ መስጂድ የሚሄደው እኔ ከሥራ ተመልሼ፣ ደክሞኝም ቢሆን፣ መኪና ካስነሳሁ ብቻ ነው። እዚያ ጋ ነው የገባኝ። «ኮሎምበስ ትሻላለች ወይስ ቨርጂኒያ» ብዬ ስከራከር የከረምኩት በስህተት ነው። የሚመረጠው ሰፈር ነው። እዚያው ኮሎምበስ ውስጥ ለዲን የሚመች ቤትም አለ፣ የማይመች ቤትም አለ፣ ርካሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ስለ ሶላት ሰዓትም ሄዶ የሚያይ ሰው ይወቅ። በዲሴምበር መግሪብ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት አለፍ ሲል ነው፣ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ የገባ ሰው ዐስርም መግሪብም ሥራ ላይ ይደርሱበታል። በጁን መጨረሻ ግን መግሪብ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፣ ኢሻ ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። በመጋዘን ሥራ ላይ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ቅጥር ስትጠይቁ ደሞዙን ብቻ አትጠይቁ፣ የዕረፍት ሰዓቱንና ጁምዓን ጠይቁ። አትፈሩ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የሠራተኛውን ሃይማኖት በሚቻለው መጠን እንዲያስተናግድ ያስገድዳል። በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግሮፍ በተባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ አሠሪው እምቢ ለማለት በሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚመጣ ማሳየት እንዳለበት ወስኗል። የሚገርመው ግሮፍ እሑድ አልሠራም ያለ ክርስቲያን ነው። አላህ ለኛ ጁምዓ የሚጠቅመንን በር በሌላ ሰው እሑድ በኩል ሰፋ አደረገው።

አሁን ወደ ባለቤቴ ጥያቄ ልመለስ።

እናታችን ሐጀር (ረ.ዐ.) በዚያ ሸለቆ ሲቀሩ ያሉት ይታወቃል። ይህን ያዘዘህ አላህ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፣ አዎ ሲባሉ እንግዲያውስ አይጥለንም አሉ። ተወኩል ማለት ይህ ነው። ግን ቡኻሪ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በዘገቡት በዚሁ ታሪክ ውስጥ ብዙዎቻችን የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ዘምዘም ከፈለቀ በኋላ ጁርሁም የተባሉ ጎሳዎች ወፍ ሲያንዣብብ አይተው መጡና አጠገባቸው ለመስፈር ፈቃድ ጠየቁ። ሐጀርም ፈቀዱ፣ በውኃው ላይ ግን መብት የላችሁም አሉ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ ነገር ሐጀርን እንዳስደሰታቸው ነገሩን፣ ምክንያቱም ከሰው ጋር መኖርን ይወዱ ነበርና። ሱብሐነላህ! ያ ሁሉ ኢማን ያላቸው ሴት፣ መልአክ ያናገራቸው፣ ዘምዘም የፈለቀላቸው፣ ጎረቤት ሲያገኙ ደስ አላቸው። ታዲያ የእኔ ሚስት «ከማን ጋር አወራለሁ» ብትል ተወኩል አነሳት ልላት ነው?

ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንድ የማውቀው ወንድም ከዚህ ተነስቶ ወደ ኮሎምበስ ሄዶ በዓመቱ ተመልሷል። ጠየቅኩት። ሥራ አግኝቶ ነበር፣ ብርም ተርፎት ነበር። የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ባለቤቱ መኪና አትነዳም፣ ሕፃን ይዛለች። ከኖቬምበር እስከ ማርች ያየችው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሰማዩ ደግሞ በዚያ ወቅት ደመና እንደለበሰ ነው የሚሰነብተው። «መጨረሻ ላይ ማልቀስ እንኳን ትታ ዝም አለች፣ ያኔ ነው የደነገጥኩት» አለኝ። ስለዚህ አንድን ከተማ ስታጠኑ የሚኖሩባትን ብቻ አትጠይቁ፣ ትተዋት የወጡትንም ፈልጋችሁ ጠይቁ።

«ወንድሟ አለ አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አለ። እሱም ሚስቱም በተለያየ ፈረቃ ነው የሚሠሩት፣ እኔ በነበርኩባቸው አራት ቀናት ሁለቱ አንድ ላይ ምሳ ሲበሉ ያየሁት አንዴ ነው። ዘመድ ያለበት ከተማና ሰው ያለበት ቤት አንድ አይደሉም።

የልጆቹም አለ። እዚህ ዲሲ ውስጥ ፈርስት ሒጅራ አለልን፣ ስሙ ራሱ ሰሓቦች ፍትሕ ፈልገው ወደ ሐበሻ የተሰደዱበትን ዘመን የሚያስታውስ፣ በአማርኛ የምንግባባበት መስጂድ ነው። እዚያ ያየሁት መድረሳ ጥሩ ነው፣ ቁርኣኑ ያው ቁርኣን ነው፣ የኡስታዙ ማብራሪያ ግን በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ የዲን ግዴታ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን አያታቸው ደሴ ናቸው፣ በስልክ ከልጆቼ ጋር የሚያገናኛቸው አማርኛ ብቻ ነው። ዝምድና መቀጠል ደግሞ ዲን ነው። ይህን እስካሁን አልፈታሁትም።

ናፍቆቱን ማንም ያሳፍረኝ ብሎ አይደብቀው። ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ ታመዋል፣ አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ.) በትኩሳት ወድቀዋል፣ ቢላል የመካን ሸለቆዎች እያነሱ ግጥም ይሉ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተቆጥተው ዝም በሉ አላሏቸውም። መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ እንዲያስወድዳቸው፣ ጤናማ እንዲያደርጋት፣ በመስፈሪያዋም በረካ እንዲያደርግ አላህን ለመኑላቸው። አዲስ ከተማን መውደድ ራሱ በዱዓ የሚጠየቅ ነገር ነው።

ፍሬውን አልናቅኩም። ሐላል ሪዝቅ መፈለግ ዒባዳ ነው። ግን የፍሬው ስሌትም እንደነገሩኝ ቀላል አልነበረም። የኮሎምበስ ከተማ ከስቴቱ ግብር ሌላ ከደሞዝ 2.5 በመቶ ትወስዳለች፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ የከተማ ግብር የለም። በሌላ በኩል ኦሃዮ ኤድቾይስ የሚባል የግል ትምህርት ቤት ድጎማ አላት፣ በ2023 በየትኛውም ገቢ ላሉ ቤተሰቦች ተከፍቷል፣ ገቢ ሲጨምር መጠኑ ይቀንሳል፣ በሙስሊም ትምህርት ቤትም ይሠራል። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። በ2025 አንድ ዳኛ ፕሮግራሙን ከስቴቱ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ብለው ወስነውበት ጉዳዩ ይግባኝ ላይ ስለሄደ ግን፣ ልጁን በዚህ ተማምኖ የሚወስድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ያለበትን ደረጃ ይጠይቅ። ሌላው የቤት ዋጋ መርከስ ነው። ርካሽ ቤት ሲታይ እጅ ወደ ወለድ ብድር ይዘረጋል። «እዚህ ሁሉም ያደርገዋል» የሚለውን ቃል በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ቤቱን ሳትወዱት በፊት ዓሊም ጠይቁ፣ ከወደዳችሁት በኋላ የምትጠይቁት ፈትዋ ሳይሆን ፈቃድ ነው።

ኢስቲኻራ እንዴት ሆነ የምትሉኝ አላችሁ። ጃቢር (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢስቲኻራን በነገሮች ሁሉ የቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሩ አድርገው ነበር የሚያስተምሯቸው። ከፈርድ ውጪ ሁለት ረከዓ ነው፣ ከዚያ ዱዓው። በሐዲሱ ውስጥ ሕልም ጠብቁ የሚል የለም። ነገሩ ለዲኔ፣ ለኑሮዬና ለመጨረሻዬ መልካም ከሆነ አግራልኝ፣ ካልሆነ እሱን ከኔ እኔንም ከሱ አርቅ ብሎ ለአላህ መተው ነው። እኔ ግን በመጀመሪያው ሳምንት የሰገድኩት ኮሎምበስን በልቤ ጨርሼ ነው። አላህን ምርጫ እየጠየቅኩ አልነበረም፣ ፊርማ እየጠየቅኩ ነበር። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ ይህን አመንኩላት፣ አሁን አብረን እንደገና ጀምረናል።

ከረመዷን በፊት እሷ ትሄዳለች፣ ለስምንት ቀን፣ በፌብሯሪ ብርድ። ልጆቹ ከእኔ ጋር ይቀራሉ። ልሸኝሽ ብላት «አንተ ካለህ የምታሳየኝ አንተ የወደድከውን ነው» ብላ እምቢ አለች። ከመስጂዱ በእግር የሚደረስባቸው ሁለት አፓርታማዎች አግኝተናል፣ ግቢ የላቸውም፣ ኪራያቸውም ወንድሟ ካለው ይበልጣል። እነሱን ታያለች፣ ጁምዓ እዚያው ትሰግዳለች፣ ከሴቶቹም ጋር ትቀመጣለች። ኮሎምበስ ያላችሁ እህቶች፣ ሶፋችሁ ላይ አዲስ ፊት ካያችሁ ሰላም በሏት።

ሰኞ ከሱብሒ በኋላ ትነሳለች። ዱዓችሁ አይለየን።