እናት መድኃኒቷን ስትወስድ



የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት በጸነሰች ጊዜ «ለልጅሽ ስትዪ መድኃኒቱን ተዪው» የሚላት አይጠፋም። እርሷም ይህን የእናትነት መሥዋዕት አድርጋ ትቈጥረዋለች። እኛ ግን ይህ በእውነት ፍቅር ነውን? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በብዙ አገሮች ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ተሰጥቶ፣ በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ ተወልደዋል። ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ቫልፕሮዌት በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ እርሱን ከሚወስዱ እናቶች ከሚወለዱ 10 ሕፃናት አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይገጥመዋል። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለመውለድ ዕድሜ ለደረሱ ሴቶች እንዳይታዘዝ አሳስቧል።

ሆኖም መድኃኒት ሁሉ አንድ አይደለም። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም ጉዳታቸው እጅግ ያነሰ ነው። በአንጻሩ፣ ቫልፕሮዌትም ቢሆን፣ ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ በሽታውን ያባብሳል፤ አልቆም ያለ መንቀጥቀጥ እናትንም ጽንሱንም ሊገድል ይችላል። አብዛኞቹ እናቶች መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ፤ ያጠባሉም። ፌኖባርቢታል የምትወስድ ግን ሕፃኑ እንቅልፍ እንዳያበዛና ከመጥባት እንዳይሰንፍ ትከታተል።

አንዳንዶች የቅድስት ጃና ቤሬታ ሞላን ምሳሌ ያነሣሉ። ይህች ኢጣሊያዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1961 ነፍሰ ጡር ሳለች በማኅፀኗ ዕጢ ተገኘባት። እርሷ ግን ሕክምናን አልናቀችም፤ ዕጢው ብቻ ወጥቶ ልጇ የሚተርፍበትን ቀዶ ሕክምና መረጠች። እ.ኤ.አ. በ1962 ልጇን በወለደች በሳምንቱ ዐረፈች፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ቅድስናዋ ታወጀ። እንግዲህ መሥዋዕቷ ከማስተዋል የተለየ አልነበረም።

ሕይወትና ጤና እግዚአብሔር በአደራ የሰጠን ስጦታዎች እንደ ሆኑ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። አደራው የጽንሱ ብቻ ሳይሆን የእናቲቱም ሕይወት ነው። ከአደጋ ፈጽሞ ነጻ የሆነ መንገድ በሌለበት ጊዜ፣ ከእኛ የሚጠበቀው ሙሉ እርግጠኝነት ሳይሆን ጥንቃቄና ቅን ኅሊና ነው። ስለዚህ ከሐኪም ጋር መክራ የሚሻለውን የመረጠች እናት፣ ልጇ ጉድለት ይዞ ቢወለድ እንኳ በደለኛ አይደለችም። ይህን ሸክም በትከሻዋ ላይ የሚጭን አንደበት ግን ሳያውቅ የፈረደ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ሆይ፣ እጮኞችን ለምሥጢረ ተክሊል ስታዘጋጁ ይህን አስታውሷቸው፦ በሽታው ያለባት እኅት ከመፅነሷ አስቀድማ ሐኪም ታማክር፤ የሚስማማትን መድኃኒትና ፎሊክ አሲድ በጊዜው ትጀምር። እኛም ምክር ለመስጠት ከመቸኰል ይልቅ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብረናት እንሂድ።