ድፍረትና ፍሬው

የሰውን ሥራ ስንመዝን ሁለት ጥያቄዎች ተያይዘው ወደ ሐሳባችን ይመጣሉ። አንደኛው፥ ሥራው ራሱ ምን ያህል ያማረ ነው? የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው፥ ሠሪው ምን ያህል ደከመ፥ ምን ያህልስ ደፈረ? የሚል ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የማያይ ፈራጅ መሳሳቱ አይቀርም። ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን አንድ የአሜሪካ ፊልም አለ።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በጥር ወር፥ በዩታ ክፍለ ግዛት በተደረገው በሰንዳንስ የፊልም በዓል ላይ «ኢስኬፕ ፍሮም ቱሞሮ»፥ ማለት «ከነገ ማምለጥ» የተባለ ፊልም ታየ። ደራሲውና አዘጋጁ ራንዲ ሙር ይባላል። በታሪኩ ውስጥ አንድ አባት ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋራ በፍሎሪዳ ወደሚገኘው ወደ ታላቁ የዲዝኒ መዝናኛ ስፍራ ይሄዳል። በዕረፍቱ የመጨረሻ ቀን ከሥራው መሰናበቱ በስልክ ይነገረዋል። እርሱም ይህን ከቤተ ሰቡ ሰውሮ፥ ደስ ያለው መስሎ ሲዞር ይውላል። ቀስ በቀስም ልቡናው ይታወክና፥ ፈገግ ይሉ የነበሩት አሻንጉሊቶች በዓይኑ ፊት አጋንንት ይመስሉታል። ደስታ በገንዘብ በሚሸጥበት ስፍራ ያዘነ ሰው የሚሸሸግበት ጥግ ያጣል፤ የፊልሙም ሽሙጥ በዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ከታሪኩ ይልቅ ሰውን ያስገረመው አሠራሩ ነበር። በፍሎሪዳውና በካሊፎርኒያው የዲዝኒ ስፍራዎች ውስጥ የተነሣው ክፍል የተነሣው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ነው። ተዋንያኑና ሠራተኞቹ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ገቡ፤ መሣሪያቸውም ጎብኚዎች የሚይዙት ዓይነት የፎቶግራፍ ማንሻ ነበር፤ ቃላቸውንም በስልካቸው ላይ ያነብቡ ነበር። መብራት ማስገባት ስላልተቻለ የፀሐይን አካሄድ አስቀድመው አጠኑ። ወሬው እንዳይሰማም የማቀናበሩ ሥራ በደቡብ ኮሪያ ተከናወነ።

ሐያስያን በፊልሙ ላይ አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ድፍረቱንና የጥቁርና ነጭ ሥዕሉን እንግዳነት አመሰገኑ። ሌሎቹ ግን የመጀመሪያው መደነቅ ካለፈ በኋላ ታሪኩ እንደሚላላ ተናገሩ። ክስ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅም ኩባንያው ሳይከስ ቀረ፤ ፊልሙም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በሲኒማ ቤቶች ታየ።

በእኔ አስተያየት የሁለተኞቹ የአመዛዘን መንገድ የቀና ነው። አዳኝ እሾሃማውን ገደል ወርዶ አንዲት የከሳች ድኵላ ቢያመጣ፥ ስለ ጉብዝናው ይመሰገናል፤ ሥጋው ግን በዚህ ምክንያት አይወፍርም። ድፍረት የሠሪው ምስጋና ነው እንጂ የሥራው ውበት አይደለም።

ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ስለ ኩባንያው መብት ብዙ ተከራክረናል፤ ኩባንያው ግን ጠበቃ አለው። በዚያ ቀን ልጁን ይዞ ሲያልፍ ሳያውቅ የፊልሙ ማጀቢያ የሆነው ጎብኚስ? ፊልሙ የሚከሰው ሰውን የንግድ መሣሪያ ማድረግን ነው፤ ነገር ግን የማያውቀውን መንገደኛ ሳይጠይቅ ለራሱ ሥራ መሣሪያ አድርጎታል። እውነት ነው፥ ፈቃድ ቢጠየቅ ኖሮ ይህ ሽሙጥ ባልተሠራም ነበር፤ ኀያላንን መተቸት ሁልጊዜ በኀያላኑ ፈቃድ ሊሆን አይችልምና። ቢሆንም ታላቁን ለመንካት ሲባል በታናሹ ላይ መረማመድ፥ ቢቻል እንኳ፥ ያለ ዕዳ አይቀርም።

እንግዲህ የተማሪውን ድርሰት የሚያርም መምህርም ሆነ የበታቹን ሥራ የሚመረምር ሹም ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ድካሙን አይቶ ያመስግን፤ ፍሬውን ቀምሶ ይፍረድ፤ ከዚያም በኋላ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። ከሦስቱ አንዱን የዘነጋ ሒስ፥ ምንም ቃሉ ቢያምር፥ ሙሉ ፍርድ አይባልም።