የሠሪው ደመወዝና የወረቀቱ ዋጋ

አሮጌ ነገር ሰብስቦ ማኖርን አንነቅፍም፤ ጠባቂ ባይገኝ ብዙ ነገር በጠፋ ነበር። የምንመረምረው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሥራው ሲከበር ሠሪው ተዋርዶ የቀረ እንደ ሆነ፣ ሥራውን የሚገዛ ሰው ዕዳ አለበትን? የሚል ነው።

በአሜሪካ ኮሚክ የሚባለው ባለ ሥዕል መጽሔትና በቀን መቍጠሪያ ላይ ይታተም የነበረው የቆነጃጅት ሥዕል ዛሬ በሐራጅ ይሸጣል። ስለ ሁለተኛው ባጭሩ፤ ፍትወትን ለመቀስቀስ የተሣለ ሥዕል ስላረጀ ብቻ ይነጻል የሚሉትን አንቀበልም። የመጽሔቱ ነገር ግን ሰፋ ያለ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1938 ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ወጣቶች ሱፐርማን የተባለውን ልብ ወለድ ጀግና ከነመብቱ በ130 ዶላር ሸጡ። ጀግናው መጀመሪያ የወጣበት መጽሔት ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር፤ ከዚያው እትም አንዱ ቅጂ በ2024 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሠዓሊው ሹስተር ዓይኑ ደክሞ በድኽነት ኖረ፤ ኩባንያው ለሁለቱ ጡረታ የቈረጠላቸው በሕዝብ ወቀሳ ምክንያት በ1975 ነው። ያ 130 ዶላር ከሌላ ሒሳብ ጋር የተከፈለበት ቼክ እንኳ በ2012 በሐራጅ 160,000 ዶላር ተሸጠ፤ ሁለቱም በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ገዥው ማንን በደለ? በሕግ ፊት ማንንም አልበደለም፤ እኛም ሌባ አንለውም። ነገር ግን ያ ቼክ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ክፍያው እጅግ ማነሱ ነውና፣ በደሉ ራሱ ጌጥ ሆኖ ተሸጠ ማለት ነው። በጌጡ የሚደሰት ሰው ስለ በደሉ አያገባኝም ለማለት እንዴት ይችላል? ለሞቱት የሚመለስ ነገር ባይኖርም፣ ችግረኞች የኮሚክ ሠዓልያንና ደራስያንን የሚረዳ ሂሮ ኢኒሺየቲቭ የተባለ ማኅበር በ2000 በዚያው አገር ተቋቁሟል፤ በሐራጅ አሸንፎ የሚወጣ ገዥ ድርሻቸውን የሚልክበት ቦታ አላጣም።