የምላጩ ጀርባ

አባቴ ሲያርፍ ከተረከብኳቸው ዕቃዎች መካከል አንዲት ጠባብ የእንጨት ሳጥን ነበረች። በውስጧ ሦስት ነገሮች አሉ፦ እንደ ሰንጢ ወደ እጀታው የሚታጠፍ ምላጭ፣ ግራጫ የመሳያ ድንጋይና በር ላይ የሚንጠለጠል ረጅም የቆዳ ጠፍር። ምላጩ ላይ ስለት በመሥራት የታወቀችው የጀርመኗ ከተማ፣ የዞሊንገን ስም ተቀርጿል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ አንድ ምላጭ ተላጨ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ እየተላጨሁ የምጥል ሰው ነኝ።

ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ ጊዜ አላጣሁምና ምላጩን ልሳለው ተነሣሁ። ቢላ የሳለ ሰው ምላጭ ያቅተዋል? አቃተኝ። ድንጋዩ ላይ ውሃ አርከፍክፌ፣ ትከሻዬን ጥዬ፣ እንደ በግ ማረጃ ቢላ ፈተግሁት። ጉንጬ ላይ ባሳረፍኩት ጊዜ ፀጉሩን ትቶ ቆዳዬን ያዘ።

ሰፈራችን ውስጥ በወጣትነታቸው ፀጉር አስተካካይ የነበሩ፣ ሰማንያን ያለፉ አዛውንት አሉ። ይዤላቸው ሄድኩ። ድንጋዩ ላይ ስታገል ትንሽ አዩኝና፣

«እየሳልከው ነው ወይስ እየተጣላኸው?» አሉኝ።

«ደንዞብኝ እኮ ነው ጋሼ!»

«ደንዟል እንጂ አልሞተም። አትጫነው።»

ተቀብለውኝ ምላጩን ድንጋዩ ላይ አጋደሙት። ጀርባውም ስለቱም እኩል ነክተዋል። ከዚያ ስለቱን አስቀድመው፣ ከብረቱ ክብደት በላይ እምብዛም ሳይጨምሩ ገፉት፤ ጫፍ ሲደርስ በጀርባው ገልብጠው መለሱት። ቢላ ስንስል ማዕዘኑን በእጃችን እንገምታለን። የምላጭ ማዕዘን ግን በራሱ ጀርባ ውፍረት የተወሰነ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ስለቱን ሲበላ ጀርባውንም አብሮ ይበላል።

ቀጥሎ ቆዳው ነው። እዚህ አካሄዱ ይገለበጣል፤ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ስለቱ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጣል፣ ራሱም ይደንዛል። «ድንጋዩ ከስንት ጊዜ አንዴ ነው» አሉኝ፤ «ቆዳው ግን በተላጨህ ቁጥር። በቆዳው የሰነፈ ድንጋይ ያበዛል፤ ድንጋይ ያበዛ ምላጩን ይጨርሳል።»

አንባቢዬ «ይህ ሁሉ ለአንድ ምላጭ? ጥሎ ሌላ መግዛት እያለ!» ይለኝ ይሆናል። እውነት አለው። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ተላጭተው የሚጥሉትን ምላጭ ይዞ ገበያ በወጣበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዓለም ተከተለው። በጎ ነገርም አለው። ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት ዘመን አንዱ የተላጨበት ስለት ሌላው ፊት ላይ እንዳያርፍ መምከር የሕይወት ጉዳይ ነበር። ምላጭ ይጣል፤ አልከራከርም። የምፈራው ልማዱ ከእጅ ወደ ልብ እንዳይወርድ ነው። አማርኛችን «ደነዝ» የሚለውን ቃል ለብረትም ለሰውም ይጠቀምበታል። ብረቱን መጣል የለመደ ሰው፣ ሰውየውንስ ምን ያደርገዋል?

እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም አንድ ዝምተኛ ተማሪ ግጥም ጽፎ ሰጠኝ። ክፍሉ ፊት ቆሜ ስንኝ በስንኝ ዘነጠልኩት። መጨረሻ ላይም «ደነዝ ግጥም ነው» አልኩ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ አንዲት መስመር ጽፎ አላሳየኝም። ያኔ ኅሊናዬ ምንም አላለኝም። መምህር ሞረድ ነው፣ ሞረድ ደግሞ ያማል ብዬ አምን ነበር። እኛስ የተሳልነው እንዲሁ አይደል?

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰውን በመሳልና ሰውን በመጨረስ መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለቱም ይፈገፍጋሉ፤ ሁለቱም ያማሉ። «ለጥቅሙ ብዬ ነው» የሚለው መልስ አይበቃኝም፤ ምላጩንም የተጫንኩት ለጥቅሙ ብዬ ነበር። እኔ መልሱን ያገኘሁት ከምላጩ ጀርባ ነው። ጀርባው ካልተነካ ስለቱ አይስተካከልም። ያን ልጅ ስዘነጥል ከእኔ ምን ተነካ? የራሴን የከሸፈ ረቂቅ አንድም ቀን ለተማሪ አንብቤ አላውቅም። በሳምንቱስ ጠርቼ «እስቲ ይህቺን ስንኝ አብረን እንያት» መቼ አልኩት? ድንጋዩን አሳየሁት፤ ቆዳውን ነፈግሁት። «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» ይላል ተረቱ። ያበጠው ምላጭ እኔ ነበርኩ።

አሁን የአባቴ ምላጭ ይላጫል። ጠዋት ጠዋት ጠፍሩን ከበሩ ላይ ወጥሬ፣ ጀርባውን አስቀድሜ አመላልሰዋለሁ። ስጨርስም እንዳይዝግ ጠርጌ አደርቀዋለሁ። ተማሪው የት እንዳለ አላውቅም። ሳልመልስለት የቀረው ግጥም ግን፣ በቀይ ብዕሬ እንደቆሰለ፣ ወረቀቶቼ መካከል አለ። ሰሞኑን አውጥቼ አነበብኩት።

ሦስተኛው ስንኝ ስለታም ነበር።