ለጠየቀን እንግዳ ምን ዕዳ አለብን?

መርካቶ ውስጥ ከታላቁ አንዋር መስጊድ ብዙም በማይርቅ መንገድ ዳር የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ይዤ መቀመጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእነዚህ ዓመታት ከሸጥኩት ወረቀት ይልቅ የመለስኩት ጥያቄ ይበዛል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሱቁ ማዕዘን ላይ ነው፤ እኔም በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ መቀመጥ እወዳለሁ። ስለዚህ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ይጠይቀኛል። ምናለሽ ተራ በየት በኩል ነው? ይህ መድኃኒት ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ረመዷን ነገ ይገባል ወይስ ከነገ ወዲያ? በዚህ ቁጥር ተደውሎልኝ ነበር፤ የየት አገር ቁጥር ነው?

ሰው የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን ሰው የሚጠይቅበት ምክንያት ያለው ይመስለኛል። የሚያውቁን ሰዎች «ይህን እንኳ አታውቅም?» ይሉናል። እንግዳ ግን አንዴ መልሶልን ይሄዳል፤ እፍረታችንን ይዞብን አይቀመጥም። አንዲት እናት የልጇን ደብተር ልትገዛ መጥታ ዙሪያዋን ካየች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማታ በመንገድ ስንሄድ ጨረቃ ለምን አብራን ትሄዳለች?» ብላኛለች። ልጁ ጠይቋት ኖሮ መልስ አጥታ ማደሯ ነው። ጨረቃ ከኛ ወደ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እኛ መቶ እርምጃ ስንራመድ አጠገባችን ያለው ዛፍና የመብራት እንጨት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ለጨረቃ ርቀት ግን መቶ እርምጃችን ከቁጥር የሚገባ አይደለምና ባለችበት ትታየናለች። ይህን ስነግራት ደስ ብሏት ሄደች። እኔም ደስ አለኝ። መልስ መስጠት ደስ ያሰኛል፤ ጣጣውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ አንድ ሽማግሌ መጡ። ለዓይናቸው ሕክምና ከወሎ መጥተው የሰነበቱ ሲሆን ካርዳቸውን ፎቶ ኮፒ አድርጌላቸው ስለነበር በመልክ አውቃቸዋለሁ። ያን ቀን ግን የመጡት ለኮፒ አልነበረም። ወንድማቸው ደሴ ውስጥ ማረፉን በስልክ ሰምተው ነው። ቤተሰቡ ጀናዛውን እስከ ነገ አስር ሊያቆይላቸው ቃል ገብቷል። «ልጄ፣ ነገ ለሊት የደሴ መኪና ከየት ነው የሚነሳው?» አሉኝ።

እኔም ሳልዘገይ «ከአውቶቡስ ተራ ነዋ አባቴ! እዚሁ ቅርብ ነው፤ ለሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይድረሱ» አልኳቸው። መንገዱንም በእጄ አሳየኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

መኪናው ወደ ላምበረት ተዛውሮ ነበር። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጎህ ሳይቀድ የተሳፈረ ሰው አስርን ይደርሳል፣ መኪናው ያመለጠው ግን አይደርስም። ሽማግሌው በጨለማ አውቶቡስ ተራ ደርሰው፣ ከዚያ ላምበረት ድረስ ታክሲ ፈልገው፣ ሲደርሱ መኪኖቹ ሄደዋል። ወንድማቸው ያለ እሳቸው ተቀበረ። በማግስቱ ደርሰው በመቃብሩ ላይ ሰገዱ።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሕክምናው ቀጠሮ ሲመለሱ ነው። እኔ መሆኔን ረስተውት ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልረሱትም። ቁጣም አልነበረባቸውም። «አንተን ከጠየቅኩ በኋላ እዚያ ጥግ ያለውን ሊስትሮም ጠይቄው ነበር» አሉኝ። «እሱ ‹ላምበረት ይመስለኛል› አለኝ። እንግዲህ ልጁ ‹ይመስለኛል› አለ፣ አንተ ደግሞ ‹ነው› አልክ። ‹ነው› ያለውን ያዝኩ።»

ውድ አንባቢያን፣ ከሰማሁት ወቀሳ ሁሉ ከብዶ የተሰማኝ ይህ ነው። የሰጠሁት መልስ ስህተት መሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነበር። የኔ መልስ ግን እውነተኛውን መልስ ገፍቶ ጣለው። እኔ ዝም ብል ወይም እንደ ልጁ «ይመስለኛል» ብል ኖሮ ሽማግሌው ሦስተኛ ሰው ይጠይቁ ነበር። ኮፍያዬ፣ ሽበቴ፣ የያዝኩት ሱቅና ያላመነታው ድምጼ ተባብረው ጥያቄያቸውን ዘጉባቸው።

ዋሽቼ ነበርን? አልዋሸሁም። ከዚያ በፊት የደሴ መኪና ከአውቶቡስ ተራ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ተሳፍሬበትም አውቃለሁ። ጉዳዩ ያ እውቀቴ ማርጀቱ ነው። ጨርሶ የማያውቅ ሰው አለማወቁን ያውቀዋል፤ ድሮ ያውቅ የነበረ ሰው ግን እውቀቱ እንዳለፈበት የሚነግረው የለም። በዚህ ላይ ኩራቱ አለ። መርካቶን አብጠርጥሬ አውቃለሁ የሚል ሰው ስለ አውቶቡስ ተራ ተጠይቆ «አላውቅም» ይላል? ደግሞም በኛ አገር ለሐዘንተኛ ሽማግሌ «አላውቅም» ማለት ውሃ የለመነን ሰው መከልከል መስሎ ይሰማናል። ስለዚህ ከደግነት ጋር የተቀላቀለ ኩራት ነበር። ኩራት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ለይቼ በያዝኩት ነበር።

አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ሶሓቦች ጉዞ ላይ ሳሉ አንደኛው በድንጋይ ተመትቶ ራሱ ላይ ቆሰለ። ከዚያም ትጥበት ግዴታ የሚሆንበት ሁኔታ ገጠመውና በተየሙም መብቃቃት ይፈቀድለት እንደሆነ ባልደረቦቹን ጠየቀ። እነርሱም ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ወሬው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርስ እጅግ ተቆጡ፤ ሰውየውን የገደሉት መልሱን የሰጡት ሰዎች መሆናቸውን ተናገሩ፣ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም አሉ፣ የአለማወቅ ፈውሱ መጠየቅ እንደሆነም አስተማሩ። እኔ ይህን ሐዲስ ለዓመታት የማነበው ቁስለኛውን እያሰብኩ ነበር። አሁን የማስበው ስለ መላሾቹ ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ወንድማቸው ሶላቱ እንዳይበላሽበት የተጨነቁ ሰዎች ነበሩ።

«ይህ የፈትዋ ጉዳይ ነው፤ የአውቶቡስ ጥያቄን ከሐላልና ሐራም ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንደኛው በትክክል ይህን ብሎኛል። ነገር ግን ቁስለኛው የጠየቀው ስለ ዲን ነበር፣ ያጣው ደግሞ ነፍሱን ነው። ሽማግሌው የጠየቁት ስለ መኪና ነበር፣ ያጡት የወንድማቸውን ጀናዛ ነው። ጥያቄው ከየትኛው መደብ እንደሆነ መላሹ አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ስለ ኢማም ማሊክ (ረሒመሁላህ) የሚዘገበውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የመዲናው ዐሊም፣ በሂጅራ አቆጣጠር በ179 ያረፉት ኢማም፣ አንድ ጊዜ 48 ጥያቄ ቀርቦላቸው ለ32ቱ «አላውቅም» ማለታቸው ተዘግቧል። የስድስት ወር መንገድ ተጉዞ አንዲት ጥያቄ ያመጣ ሰውም ያንኑ መልስ ይዞ ተመለሰ። ሰውየው ለላኩኝ ሰዎች ምን ልበላቸው ሲል ማሊክ አላውቅም አለ በላቸው አሉት። ይህን ስናወራ የምናደንቀው ኢማሙን ነው። እኔ ግን አንዳንዴ ሐሳቤ ወደ መንገደኛው ይሄዳል፤ ስድስት ወር መጥቶ፣ ስድስት ወር ባዶ እጁን ለሚመለሰው።

እዚህ ላይ ግን ፈጥነን «እንግዲያው አላውቅም ማለት ነው የሚሻለው» እንዳንል እሰጋለሁ። እውቀት ተጠይቆ የደበቀ ሰው በቂያማ ቀን በእሳት ልጓም እንደሚለጎም የሚያስጠነቅቅ ሐዲስም አለ። በሱረቱ አድ-ዱሓም ጠያቂን ማመናጨቅ ተከልክሏል፤ ሙፈሲሮች ይህ ገንዘብ ለማኙን ብቻ ሳይሆን እውቀት ፈላጊውንም እንደሚያጠቃልል ጽፈዋል። «አላውቅም» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት መልክ አለው። አንዱ የኢማም ማሊክ ነው። ሌላው በየቢሮው መስኮት የምንሰማው፣ ትርጉሙ «ሂድልኝ» የሆነው ነው።

ሁለቱን መለየት ከሚታሰበው በላይ ያስቸግራል። ታቢዒዩ ዐብዱረሕማን ኢብን አቢ ለይላ ከአንሷር ወገን 120 ሶሓቦችን አግኝቻለሁ ይሉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሲጠየቅ ወደ ሌላው ይመራል፣ ያም ወደ ሌላው፣ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ መጀመሪያ ወደ ተጠየቀው ሰው ይመለስ ነበር። አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት ከመስኮት ወደ መስኮት ተልኮ በመጨረሻ የመጀመሪያው መስኮት ላይ የቆመ ባለጉዳይን አስቡ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው! አንደኛው ከአላህ ፍራቻ የመጣ ነው፣ ሁለተኛው ከግዴለሽነት። ባለጉዳዩ ግን የሰው ልብ ከፍቶ አያይም። የኔ ግምት፣ ምልክቱ ያለው ከ«አላውቅም» በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። ሰውየው ከመቀመጫው ይነሳል ወይስ አይነሳም? ሊስትሮው ልጅ ያን ቀን ላምበረት ይመስለኛል ካለ በኋላ «ቆይ አባባ፣ ሹፌር ጠይቄ ልምጣ» ብሎ እንደነበር ሽማግሌው ነግረውኛል። ከኔ የሰሙት በቂ መስሏቸው ተው አሉት።

በሌላ በኩል ደግሞ ጥፋቴ ዝም ማለት የሆነበትም ቀን አለ። አንዲት ወጣት ፓስፖርቷን ኮፒ ልታስደርግ መጥታ «ቤይሩት ጥሩ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው ጋሼ?» አለችኝ። ቤይሩትን አላውቀውም። «አላሁ አዕለም እህቴ» ብዬ ወረቀቷን ሰጠኋት። ዑለማዎች ይህን ቃል የሚሉት ለፍተው፣ መርምረው፣ የደረሱበትን ከተናገሩ በኋላ ነው፤ እኛ ግን በልፋቱ ፈንታ እናስቀምጠዋለን። ከፋላ በሚሉት አሠራር የቤት ሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ ስም የታሰረ መሆኑን፣ ጥላ ከወጣች ሕገ ወጥ እንደምትሆን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ቤይሩት ጥሩ ነው አይደለም ማለት ባልችል እንኳ ይህችን አንዲት ነገር ልነግራት ይገባኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

እንግዳን የመመለስ ችግሩ ይህ ነው፤ መልሱ ምን ሆኖ እንደቀረ አናይም። በ1898 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ አል-መናር የተባለውን መጽሔት የመሠረቱት ረሺድ ሪዳ ከጃቫ ሳይቀር ጥያቄ በፖስታ እየመጣላቸው በመጽሔቱ ላይ ይመልሱ ነበር። መልሱ ባሕር ተሻግሮ የየትኛውን ቤት ጋብቻ እንዳጸና፣ የየትኛውን ነጋዴ ውል እንዳፈረሰ ካይሮ ላይ የተቀመጠ ሰው ከየት ያውቃል? ለኔ የሽማግሌው ተመልሶ መምጣት አላህ ያሳየኝ ልዩ አጋጣሚ ነው። ሌሎቹ ስንቶች ናቸው? የመድኃኒቱን የጠየቁኝስ?

ወጣቶቹ «ዛሬ ይህ ሁሉ ቀርቷል፣ ስልክ አለ» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ስልኩ የማይመልሰው ነገር ያለ አይመስልም። ድምጹም እንደኔ ነው፤ አያመነታም።

ለመልካም ጥያቄና ለመልካም መልስ ምሳሌ ስፈልግ የማስታውሰው አቡ ሐያን አት-ተውሒዲና ሚስከወይህ በአስረኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያዘጋጁትን «አል-ሐዋሚል ወሽ-ሸዋሚል» ነው። ተውሒዲ ይጠይቃል፣ ሚስከወይህ ይመልሳል፤ ጥያቄዎቹ ከ170 ይበልጣሉ። ሰው ያለፈውን ዘመን ለምን ይናፍቃል? በረዶ በበጋ ለምን አይወርድም? «ሐዋሚል» እረኛ ሳይኖራቸው የተለቀቁ ግመሎች ናቸው። ጥያቄ እንዲህ ባዝኖ የሚመጣ ነገር ነው፤ ከማን በር ላይ እንደሚቆም አይታወቅም። ታዲያ በሩ ላይ የቆመን ባዛኝ ግመል ባለቤቱን ሳያጣሩ ወደዚያ ወደዚህ መንዳትም፣ በር መዝጋትም ጥፋት ነው።

ሽማግሌውን ያን ቀን ዐፉ እንዲሉኝ ለመንኳቸው፤ አሉኝ። ልቤ ግን አላረፈምና አንድ የማከብራቸውን ሼኽ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሰውየው ዐፉ ብሎኛል፣ ግን በማይመለስ ነገር ላይ ያጠፋሁት ዕዳ በዚህ ይወርዳል ወይ? ሌላ የሚጠበቅብኝ አለን? ሼኹ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ሐሙስ ና» አሉኝ። ሐሙስ ሄድኩ፤ ኪታቦች ፊታቸው ተዘርግተው አገኘኋቸው። «ገና አላገኘሁትም፤ የሚመጣው ሐሙስም ና» አሉኝ።