ቆቡን የቀደደው መነኩሴ

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ቦዘኔን ለመገሠጽ ነው፤ ትንሽ ልረፍ ያለ ሰውም አንዳንዴ ይተረትበታል። እኔ ግን ተረቱ የሚነቅፈው የተቀመጠውን ሰው አይመስለኝም። መነኩሴው አልተኛም፣ ጥግ ይዞም አላዛጋም። እጁ ይሠራል፣ መርፌው ይመላለሳል፤ ለሚያየው ሰው ትጉህ ነው። ጥፋቱ ባዶ ሰዓት ሲያገኝ መታገሥ አለመቻሉ ነው። ሰባት የጸሎት ጊዜ የተሠራለት፣ ዳዊት የሚደግም ሰው ሥራ አጣሁ ካለ፣ በእጁ ያለውን ጸጥታ ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ስለዚህ ደኅናውን ቆብ ቀደደ። ተረቱ የሚያጋልጠው ማረፍ ያቃተውን ሰው ነው ማለት ነው። ለመጸለይ እንኳ ጊዜ የለኝም የምንል ክርስቲያኖች ራሳችንን ልናይበት ይገባል።

ይህን ንባብ ለመፈተን የይፋት ቆላ ጥሩ ቦታ ነው። ከጣርማ በር በላይ ባለው ደጋ ዝናብ ጠብቆ የሚያርስ ገበሬ፣ አዝመራው ተሰብስቦ እህሉ ጎተራ ሲገባ ወቅቱ ራሱ በቃህ ይለዋል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ በምትገኘው የይፋት ቆላ ከተማ ሸዋ ሮቢት ግን የሮቢ ወንዝ አለ። በመስኖው ሽንኩርት ይለማል፤ ማሾም ለገበያ ይመረታል። በአንዱ ማሳ ሽንኩርቱ ሲነቀል በሌላው ችግኝ ይተከላል፤ ነጋዴው ይደውላል፣ የጭነት መኪናው በሌሊትም ያልፋል። ውሃ ያለው መሬት ዕረፍ የሚል ወቅት የለውም። መስኖ በረከት ነው፤ ብዙ ቤት አቁሟል። ቢሆንም ቀድሞ ወቅቱ ይሰጥ የነበረውን ዕረፍት አሁን ሰው ራሱ ቆርጦ ካልያዘው የሚሰጠው የለም።

«የሽንኩርት ገበሬ ቆብ አልቀደደም፤ የሚያስሮጠው ችግር ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የተነቀለ ሽንኩርት ዝናብ ከመታው ይበሰብሳል፣ የውሃ ተራ ካለፈ ችግኝ ይጠወልጋል፣ የማዳበሪያ ዕዳም ሰንበት አያውቅም። ጌታም በሰንበት ጉድጓድ የገባ በሬ ይወጣ ዘንድ የተገባ መሆኑን ተናግሯል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፣ ሥራው ለሰኞ ቢቆይ የሚጠፋ ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከሩጫችን ብዙው ይቀልላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ስም የሚደረገው። ኮሚቴው፣ ገቢ ማሰባሰቢያው፣ የመዝሙር ጥናቱ፣ የማኅበሩ ድግስ ተደራርቦ፣ አገልጋዩ ሳምንቱን ሙሉ ስለ እግዚአብሔር ሲሯሯጥ ከእግዚአብሔር ጋር ሳይነጋገር ይከርማል። ይህ የመነኩሴው መርፌ ነው። ሐዋርያት ከስብከት ተመልሰው፣ ሰው በዝቶባቸው እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ባጡበት ሰዓት፣ ጌታ ያዘዛቸው ጭር ወዳለ ስፍራ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነበር። የሚጠብቃቸው ሕዝብ እውነተኛ፣ ሥራቸውም ቅዱስ ነበር፤ ቢሆንም ዕረፍቱ አልተሰረዘም። ታላቁ አባት እንጦንስም በበረሃ ልቡ በታወከ ጊዜ፣ ተቀምጦ ገመድ የሚጎነጉን፣ ተነሥቶ የሚጸልይ፣ ተመልሶም ሥራውን የሚይዝ መልአክ እንዳየ አበው ይተርካሉ። መርፌ መያዝ ኃጢአት አይደለም፤ መርፌውን አስቀምጦ መነሣት አለመቻል ነው ችግሩ።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ የአገራችን ድህነት ከበዓል ብዛት የመጣ ስለሆነ ሰው ጨምሮ ይሥራ እንጂ ዕረፍት አይሰበክለት የሚል። ታሪኩ ግን ዕረፍትን የሥራ ፈት ነገር አያደርገውም። ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ዘንድ የወሰነው ጉባኤ በ1450 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው ከይፋት ብዙ ሳይርቅ፣ በተጉለት ደብረ ምጥማቅ ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለዚሁ ሰንበት ተወግዘውና ተሰደው ኖረዋል። ጉባኤውን የጠራው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከአምስት ዓመት በፊት ከአዳሉ ሱልጣን በድላይ ጋር ጦርነት የገጠመ ንጉሥ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ማረፍን ያጸናው ሥራ ያነሰው መንግሥት አልነበረም። ሆኖም ተቃዋሚዎቹ አንድ ነገር ይዘዋል፤ ቀን መቁጠር ብቻውን ዕረፍት አይሆንም። በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም ሞፈርና ቀንበር ሲሰቀል በሬውም ባለቤቱም ያርፋሉ፤ ጠላ የምትጠምቀው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ቡና የምታፈላው እናት ግን ከሌላው ቀን ይልቅ ትደክማለች። የኦሪት ትእዛዝ አገልጋይና አገልጋዪቱም እንደ ጌታቸው ይረፉ ሲል ዕረፍትን ለአባወራው ብቻ አልሰጠም። የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ራሱ ቅዳሴ የሚሄድ የሽንኩርት ባለቤትም ሰንበትን ያከበረው በሌላ ሰው ወገብ ነው።

ይህ ደግሞ በግል ብርታት ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ ስምምነት ይፈልጋል። ድግሱን ማቅለል ለማኅበርተኞቹ ከባድ አይሆንም፤ ዳቦና ጠላው ቢቀንስ ጸበሉ አይጎድልም። የመስኖው ተራም ውሃውን በሚያከፋፍለው በውሃ አባት እጅ ነው። ይፋት ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው የሚያርሱበት አገር ስለሆነ፣ የእሑዱን ውሃ ሙስሊሙ ጎረቤት ቢወስድ፣ የዓርቡን ደግሞ ክርስቲያኑ ቢይዝለት፣ አንዱ ለቅዳሴ ሌላው ለጁምዓ ሲሄድ የማንም ችግኝ አይደርቅም።