ሐኪም በባዕድ አገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! የይሁዳ ሰዎች ተማርከው ወደ ባቢሎን በወረዱ ጊዜ ነቢዩ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ደብዳቤ ጽፎ ላከላቸው። ምርኮኞቹ በወንዝ ዳር ተቀምጠው፥ በገናቸውን ሰቅለው፥ ጽዮንን እያሰቡ ያለቅሱ ነበር፤ በቅርቡ ትመለሳላችሁ እያሉ የሚያባብሏቸው ሐሰተኞች ነቢያትም አልታጡም። ኤርምያስ ግን ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ይልቁንም የሚኖሩባትን የባዕድ ከተማ ሰላም እንዲሹና ስለ እርሷ እንዲጸልዩ የእግዚአብሔርን ፈቃድ አስታወቃቸው።

ይህ ምክር ለምርኮኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ለትምህርት ወይም ለአገልግሎት ከወገኑ ተለይቶ በሩቅ አገር ሆስፒታል ለሚመደበው ሐኪምና አስታማሚም የሚሆን ነው። ከልጆቻችን ብዙዎች በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ ስለዚህ ሁኔታቸውን እናስብ። ቀን በሥራ ተይዘው ይውላሉ፤ ማታ ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ግን ደጃቸውን የሚያንኳኳ ወዳጅ የለም። ጾም ሲገባ አብሯቸው የሚጾም፥ በዓል ሲደርስ እንኳን አደረሳችሁ የሚላቸው አያገኙም። የሚያክሙት በሽተኛ እንኳ ሕመሙን የሚነግራቸው በለመዱት ቋንቋ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ልብን የሚፈትን አንድ ነገር ይመጣል፤ ይኸውም ቀን መቁጠር ነው። ሰውየው በሥጋው ከበሽተኛው አጠገብ ቆሞ በሐሳቡ ግን የውሉን ማለቂያ ይቈጥራል። እንግዲህ የብቸኝነት መድኃኒቱ ምንድር ነው? ከራስ ይልቅ ብቸኛ የሆነውን ፈልጎ ማገልገል ነው እንላለን። ይህንንም በቃል ብቻ ሳይሆን በሁለት ምስክር እናስረዳለን።

የመጀመሪያዋ ምስክር ከራሳችን ወገን የሆኑት ልዕልት ፀሐይ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከአባታቸው ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። ስደተኛ ልዕልት ተቀምጣ ብታለቅስ የሚነቅፋት ባልነበረ፤ እርሳቸው ግን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ማስታመምን ተማሩ፤ በ1931 ዓ.ም.ም ለምስክር ወረቀት በቁ። አገራቸው በእሳት ስትቃጠል የባዕድ ሕፃናትን አልጋ አነጠፉ፥ ቍስላቸውን አጠቡ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላም በተማሩት ሙያ ወገናቸውን ማገልገል ጀምረው ሳለ፥ በ1934 ዓ.ም. ገና 23 ዓመት ሳይሞላቸው፥ ከእርግዝና በመጣ ሕመም በነቀምት ዐረፉ። በስማቸውም በአዲስ አበባ ሆስፒታል ቆመ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው።

ሁለተኛው ምስክርነት የሚነሣው ከዚሁ ሆስፒታል ነው። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን የ6 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ከአውስትራልያ ወደዚያ መጡ። የመጡት ለ3 ዓመት በተደረገ የሥራ ውል፥ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ዘመድ በሌለበት፥ ቋንቋውን በማያውቁት አገር ገብተው ሳሉ ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁት ደዌ ገጠማቸው፤ ፊስቱላ ይባላል። ምጥ ለብዙ ቀን ሲጸናና የሚረዳ ሐኪም ሲታጣ፥ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ተጭኖ ይጐዳዋል፤ ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ እናቲቱም ሽንቷን መቋጠር ተስኗት ትቀራለች። ከዚህ የተነሣ ባል ይፈታታል፥ ጎረቤት ይሸሻታል፥ እርሷም አፍራ ከሰው ተለይታ ትቀመጣለች።

ምእመናን ሆይ! ይህችን ሴት አስተውሏት። ሐምሊኖች ባሕር ተሻግረው እንግዶች ሆነው ነበር፤ እርሷ ግን በተወለደችበት መንደር፥ በእናቷ ጓሮ ሳለች ስደተኛ ሆነች። እንግዳው ሐኪም ከእርሱ ይልቅ እንግዳ የሆነች ሴት አገኘ። ያን ጊዜ የውሉ ቀን መቈጠሩ ቀረ። የኦፕራሲዮኑን ጥበብ ተምረው ማከም ጀመሩ፤ በ1966 ዓ.ም. ለነዚሁ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ከፈቱ። የዳነችውም ሴት አዲስ ልብስ ለብሳ ወደ አገሯ ትሸኝ ነበር፤ አባቱ አዲስ ልብስ እንዳለበሰው እንደዚያ ተመላሽ ልጅ ማለት ነው። ከነዚህ በሽተኞች አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ከዳኑ በኋላ በዚያው ቀርተው፥ የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይገቡ የኦፕራሲዮኑን ሙያ በእጃቸው ተምረው፥ ሐኪሞችን እስከ ማስተማር ደረሱ። ዶክተር ሬጅናልድ በ1985 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዶክተር ካትሪን ግን ባላቸውን ቀብረው እንኳ አልሄዱም፤ ሥራቸውን ቀጥለው በ2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። በዚያ ሆስፒታልና በቅርንጫፎቹ ከ60 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች ታክመዋል። ለ3 ዓመት የመጣው እንግዳ 60 ዓመት ኖረ ማለት ነው።

እነሆ፥ የእግዚአብሔርን መግቦት ተመልከቱ! ልዕልቲቱ በእንግሊዝ ሳሉ የሰው ልጅ አስታመሙ፤ ከእርግዝና በመጣ ሕመምም ሞቱ። በስማቸው በተጠራው ቤት ደግሞ ባሕር ተሻግረው የመጡ እንግዶች የኢትዮጵያን እናቶች ከወሊድ መከራ አዳኑ። በባዕድ አገር የተዘራ ምሕረት በገዛ አገር ታጨደ።

ስለዚህ በሩቅ አገር ሆስፒታል ያላችሁ ልጆቻችን ሆይ፥ ናፍቆታችሁን ኃጢአት ነው አንላችሁም፤ ጌታችንም በጌቴሴማኒ ወዳጆቹ አብረውት እንዲተጉ ሽቷል። ነገር ግን ናፍቆት እጃችሁን አይሰር። የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፤ ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ ለይታችሁ እወቁ፤ ሥራችሁ ሲያልቅም ለጥቂት ጊዜ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። የጸሎት ሰዓታችሁን አትተዉ፤ ከዘመድ የሚለይ ባሕር ከእግዚአብሔር አይለይምና።

እኛም በአገር የቀረነው ዕዳ አለብን። ልጃችን ገንዘብ ላከ ወይ ብለን ከምንጠይቅ አስቀድመን ደኅና አደርህ ወይ እንበለው። ካህናትም በሩቅ ያሉትን ልጆቻችሁን በጸሎት አስቡ፥ በቃልም አጽናኑ። ወደ እኛ የመጣውንም እንግዳ ሐኪም በበዓል ቀን ወደ ገበታችን እንጥራው፤ ዛሬ ማታ ደጁን የሚያንኳኳለት አጥቶ ብቻውን ተቀምጦ ይሆናልና።

በሰማርያዊው ምሳሌ የቈሰለውን መንገደኛ ያነሣው ካህኑም ሌዋዊውም ሳይሆኑ እንግዳው ነበረ። እንግዳ ስንሆን የሰው ቍስል እንድናይ፥ በአገራችን ስንኖርም እንግዳን እንድንቀበል ቸሩ እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።